ያለ ክፍያ እንጂ ያለ ዝግጅት አይሁን

የእሑድ ቅዳሴ በካህኑ ብቻ አይቆምም። ምንባብ የሚያነበው፣ መዝሙር የሚመራው፣ የመሠዊያውን ልብስ አጥቦ የሚተኩሰው፣ መቁጠሪያ የሚያስደግመው ደመወዝ የማይከፈለው ምእመን ነው። ይህን «ካህኑን ማገዝ» እያልን አቃልለነዋል። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ግን እ.ኤ.አ. በ1963 ባጸደቀው የሥርዓተ አምልኮ ሰነድ፣ የመሠዊያ ረዳቶች፣ አንባቢዎችና መዘምራን እውነተኛ የአምልኮ አገልግሎት እንደሚፈጽሙ ተናግሯል፤ እንዲሠለጥኑም አዟል።

እኔን የሚያሳስበኝ ይኸው ሥልጠና ነው። ቅዳሴ ሊጀመር ሲል በር ላይ የቆመ ወጣት ተጠርቶ «ዛሬ አንተ አንብብ» ይባላል። እሺ ማለቱ ያስመሰግነዋል። ሆኖም የጳውሎስን ረጅም ዓረፍተ ነገር መሀሉ ላይ ይቆርጠዋል፤ የአገሩ ስም ያደናቅፈዋል፤ አፉም ከድምፅ ማጉያው ይርቃል። ከኋላ የተቀመጡት እናቶች ምኑንም ሳይሰሙ ምንባቡ ያልቃል። ጥፋቱ የልጁ አይደለም። ምንባቡ ረቡዕ ቢደርሰውና ቅዳሜ ማታ ቤቱ ጮክ ብሎ ቢለማመደው፣ ያው ልጅ ጉባኤውን ጸጥ ያሰኝ ነበር።

የጸሎት ማኅበራትም ጉዳይ ከዚህ አይለይም። ከቤት መውጣት ያቃታቸውን እናት ሊጠይቁ ሄደው መቁጠሪያው ከተደገመ በኋላ ቡና ይፈላል። እናትየው ሕመማቸውን፣ ከልጃቸው ጋር መኳረፋቸውን፣ ቅዱስ ቁርባን መናፈቃቸውን የሚያወጡት ያኔ ነው። ናፍቆታቸውን ለቆሞሱ የሚያደርስ፣ የቤታቸውን ገመና ግን በሆዱ የሚይዝ ጎብኚ ያስፈልጋል። ይህም ትምህርት ይጠይቃል።

«በነጻ የሚያገለግልን ሰው እንዴት እናርመዋለን?» የሚለው ይሉኝታ አገልጋዩንም ምእመኑንም ይጎዳል። በዚያ ላይ ሸክሙ ጥቂቶች ላይ ወድቋል። አንባቢው፣ መዘምሩ፣ ታማሚ ጠያቂው ያው አንድ ሰው ሲሆን፣ እሱ የታመመ ዕለት ሁሉም ይቆማል። ጳውሎስ በሮሜ መልእክቱ 16ኛ ምዕራፍ ከፌቤን ጀምሮ ወንዶችንም ሴቶችንም በስም እየጠራ ድካማቸውን ያመሰግናል፤ አገልግሎቱ የብዙዎች ነበር። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም እ.ኤ.አ. በ2021 የአንባቢነትንና የመሠዊያ አገልጋይነትን ሹመት ለሴቶች ከፍተዋል።

ስለዚህ ቆሞሶቻችን ተራ ያውጡ፣ ያሠልጥኑ፣ በፍቅር ያርሙ። እናንተም በመጪው እሑድ ወደ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት «የትኛው አገልግሎት ሰው ጎድሎታል?» ብላችሁ ጠይቁ። ስማችሁን ስታስመዘግቡም ሥልጠናው መቼ እንደሚጀመር አብራችሁ ጠይቁ።