ካፋላ ይሻር እንጂ አይጠጋገን
በዓረብ አገር የሚሠሩ የቤት ሠራተኞችን መብት አስመልክቶ ከማኅበራችን የወጣ የአቋም መግለጫ

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 10 ቀን 1948 ዓለም አቀፉ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ ፓሪስ ላይ ለድምፅ ሲቀርብ ኢትዮጵያ ከደገፉት 48 አገሮች አንዷ ነበረች። ሊባኖስም ደግፋለች፤ ሊባኖሳዊው ቻርልስ ማሊክ በረቂቁ ዝግጅት ትልቅ ድርሻ ከነበራቸው ሰዎች አንዱ ነበሩ። ሳዑዲ ዓረቢያ ድምፀ ተአቅቦ ካደረጉት 8 አገሮች አንዷ ነበረች። የመግለጫው አንቀጽ 4 ባርነትን ይከለክላል። አንቀጽ 13 ማንኛውም ሰው ካለበት አገር የመውጣትና ወደ አገሩ የመመለስ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ዛሬም ፓስፖርቷ በአሠሪዋ ቁም ሣጥን ውስጥ የተቆለፈባት እህታችን ሁለቱንም አንቀጾች በአንድ ጊዜ ተነፍጋለች።

ማኅበራችን ከዓረብ አገር የተመለሱ የቤት ሠራተኞችና ቤተሰቦቻቸው የሚገናኙበት ነው። ስለ ዓለም የሰብዓዊ መብት አያያዝ ብዙ የሚባል አለ፤ እኛ የምንናገረው ኖረን ስለምናውቀው ነው። ካፋላ የተባለው አሠራር ምንም ያህል ቢሻሻል መብት ሊያስከብር አይችልም፤ ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ሊሻር ይገባል።

ካፋላ የሠራተኛዋን የመግቢያና የመኖሪያ ፈቃድ ከአንድ አሠሪ፣ ማለትም ከከፊሏ ጋር ያስራል። ደመወዟ ለወራት ቢያዝባት ወይም ብትደበደብ፣ ከአሠሪዋ ቤት በወጣችበት ቅጽበት ሕጉ የሚቆጥራት እንደ ጠፊ እንጂ እንደ ተበዳይ አይደለም። በሳዑዲ ከፊሉ “ሁሩብ” (ጠፍታለች) ብሎ ካስመዘገበባት ኢቃማዋ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ዋጋ ሊያጣ ይችላል። ከሳሽ መሆን የሚገባት ሴት ተፈላጊ ትሆናለች፤ ከተያዘች ወደ እስር ቤት፣ ከዚያም ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ትወሰዳለች፤ ያልተከፈላት ደመወዝ እዚያው ይቀራል። የደመወዝ ክርክር የነበረው ጉዳይ የኢሚግሬሽን ጥፋት ሆኖ ይዘጋል። ደግ አሠሪ የገጠማቸው አባላት አሉን፤ ስለ እነዚያ ቤተሰቦችም በምስጋና ይናገራሉ። ነገር ግን ማን ደግ ቤት እንደምትገባ በዕድል የሚወሰን ከሆነ መብት አለ ማለት አይቻልም።

የተገኘውን እርምጃ አንክድም። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. ጁን 16 ቀን 2011 ያጸደቀው ስምምነት ቁጥር 189 የቤት ሠራተኛን እንደማንኛውም ሠራተኛ በመቁጠር የሥራ ሰዓት፣ የሳምንት ዕረፍትና የራሷን ሰነድ በእጇ የመያዝ መብት አረጋግጦላታል። በዚያው ድርጅት ግምት በዓለም ላይ 75.6 ሚሊዮን የቤት ሠራተኞች አሉ፤ ከአራቱ ሦስቱ ሴቶች ናቸው። ኩዌት እ.ኤ.አ. በ2015 ለቤት ሠራተኞች ራሱን የቻለ ሕግ አወጣች። ኳታር በ2017 የቀኑን ሥራ በ10 ሰዓት ገደበች፤ በ2020 ደግሞ የመውጫ ፈቃድንና ሥራ ለመቀየር ይጠየቅ የነበረውን የአሠሪ ፈቃድ አስቀረች። እንዲሁም የቤት ሠራተኛን የሚጨምር የ1,000 ሪያል ዝቅተኛ ደመወዝ ደነገገች። ይህ ሁሉ ሠራተኞች ራሳቸው ለዓመታት የጮኹበት ውጤት ነው።

ሆኖም የሥራ ተቆጣጣሪ ፋብሪካ ይገባል፤ መኖሪያ ቤት ግን አይገባም። የ10 ሰዓቱ ገደብ የሚቆጠረው ልጅ ሲያለቅስ ሌሊት በምትነሣ፣ እንግዳ እስኪሸኝ በማትተኛ ሴት ላይ ነው። ስልኳን የተቀማች ሠራተኛ አቤቱታ የምታቀርብበት መንገድ የላትም።

የኋሊት ጉዞውም ግልጽ ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ ከማርች 2021 ጀምሮ ሠራተኞች ያለ አሠሪ ፈቃድ ሥራ የሚቀይሩበትን ማሻሻያ ተግባራዊ ስታደርግ የቤት ሠራተኞችን ከማሻሻያው ከነጭራሹ አገለለች። በሊባኖስ የሥራ ሚኒስቴር በሴፕቴምበር 2020 ሠራተኛዋ ያለ አሠሪዋ ፈቃድ ሥራ እንድትለቅ የሚፈቅድ አዲስ የውል ቅጽ አወጣ፤ የቅጥር ኤጀንሲ ባለቤቶች ከሰሱና በቀጣዩ ወር የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት ውሉን አገደው። በዚያው ዓመት፣ ገንዘቡ ዋጋ ባጣባት ቤይሩት፣ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን ሠራተኞችን ከነሻንጣቸው በቆንስላችን ደጅ ጥለዋቸው ሄዱ። በ2024ቱ የሊባኖስ ጦርነትም ቤት ተቆልፎባቸው የቀሩ፣ ከመጠለያ የተመለሱ ነበሩ። በየመንና በሳዑዲ ድንበር የሆነውን ሳናነሣ አናልፍም፦ ሂዩማን ራይትስ ዎች ከማርች 2022 እስከ ጁን 2023 ባለው ጊዜ የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን እንደገደሉ በሪፖርቱ አውጥቷል። የሳዑዲ መንግሥት አስተባብሏል። ገለልተኛ ምርመራ እንዲደረግ እንጠይቃለን፤ የሟቾች ቤተሰቦች ቢያንስ አስከሬኑ የት እንዳረፈ ማወቅ ይገባቸዋል።

ሌሎችን ስንወቅስ የራሳችንን ቤት ማለፍ አንችልም። መንግሥታችን እ.ኤ.አ. በ2013 ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ለሥራ መሄድን ሲከለክል ጉዞው አልቆመም፤ ደላላ እጅ ወደቀ፣ ብዙዎችንም በየመን በረሃና በባሕር ላይ ላለ አደጋ አጋለጠ። ክልከላ ጥበቃ አይደለም። ከዚህም በላይ የሚያሳፍረን ሌላ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. የ1946ቱ የሊባኖስ የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኞችን በአንቀጽ 7 ማግለሉን እንቃወማለን፤ የእኛው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ የቤት ሠራተኞችን የሥራ ሁኔታ ወደፊት በሚወጣ ደንብ ይወሰን ብሎ ትቶታል። ወጣቷ ከገጠር መጥታ አዲስ አበባ ሰው ቤት ስትሠራ ያላገኘችውን መብት ሪያድ ላይ እንድታገኝ የምንሟገትበት አፍ ከየት ይመጣል?

ስለዚህ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የምናቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ ኢትዮጵያ ስምምነት ቁጥር 189ን እንድታጸድቅ ነው። ለቤት ሠራተኞች የሚወጣው ደንብም ከዚህ በላይ መዘግየት የለበትም። ከተቀባይ አገሮች ጋር የሚፈረሙ የሁለትዮሽ ስምምነቶች ሙሉ ቃላቸው በነጋሪት ጋዜጣ እንዲታተም፣ ተጓዧም ከመሄዷ በፊት በምትሰማው ቋንቋ እንዲነበብላት እንጠይቃለን። ሠራተኛዋ ያለ ከፊሏ ፈቃድ ሥራ መቀየርና ወደ አገሯ መመለስ የማትችልበት ማንኛውም ስምምነት መፈረሙን እንቃወማለን፤ የደመወዙ መጠን ይህን ሊተካ አይችልም። ለኤምባሲዎቻችን የሚመደቡ የሠራተኛ ጉዳይ አታሼዎች የሴቶች መጠለያ የሚያስተዳድሩበት በጀት ሊኖራቸው ይገባል።

ለባሕረ ሰላጤው አገሮችና ለሊባኖስ መንግሥታት የምንለው አጭር ነው። የመኖሪያ ፈቃዱ ከአሠሪው ተነጥቆ ለሠራተኛዋ ይሰጥ፤ የ“ጠፋች” ክስ ከሕግ መጽሐፍ ይውጣ፤ ፓስፖርት መቀማት በወንጀል ይጠየቅበት፤ ከአገር የምትባረር ሴት ያልተከፈላት ደመወዝ ሳይሰላላትና ሳይከፈላት አውሮፕላን ላይ አትሳፈር።

ማኅበራችን ከዛሬ ጀምሮ የተመለሱ እህቶቻችንን ያልተከፈለ ደመወዝ በውልና በምስክር እያደራጀ ይመዘግባል። መዝገቡንም የሁለትዮሽ ስምምነቶቹ በሚታደሱበት ጊዜ ሁሉ ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴርና ለኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ያቀርባል።