የግብፅን ዳርቻ የበላው ግድባችን አይደለም

ወገን፣ ስለ ሕዳሴ ግድብ በተለጠፈ ነገር ሁሉ ሥር አንድ ኮሜንት አይጠፋም፦ «ግድባችሁ የናይልን ዴልታ ለባሕር እያስበላ ነው» የሚል። ከእኛ ልጆች ግማሹ ስድብ ይመልሳል፣ ግማሹ «ትስመጥ!» ይላል። ዶሮ ማነቂያ ሳይፈርስ ቡና ላይ ስንከራከርም እንደዚሁ ነበር። ባሕርን በቴሌቪዥን ብቻ የምናውቅ የፒያሳ ልጆች ስለ ባሕር ዳርቻ እንጯጯሃለን። ስድቡ ይቅርና ነገሩን ከማዕበሉ እንጀምረው።

ማዕበልን የሚሠራው ነፋስ ነው። ነፋሱ በበረታ፣ ብዙ ሰዓት በነፈሰና በሰፊ ውሃ ላይ በተጓዘ ቁጥር ማዕበሉ ይገዝፋል። ዳርቻው ጋ ውሃው ሲሳሳ ሥሩን ወለሉ ይይዘዋል፣ አናቱ ይቀድማል፣ ከዚያ ተደፍቶ ይሰበራል። ቁመቱ እጥፍ የሆነ ማዕበል የሚሸከመው ጉልበት አራት እጥፍ ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ ቀጥ ብሎ ሳይሆን በሰያፍ ነው የሚመጣው። ስለዚህ አሸዋውን ያነሳና ወደ ጎን ይዞት ይሄዳል። በዴልታው ዳርቻ ማዕበሉ በብዛት ከሰሜን ምዕራብ ስለሚመጣ አሸዋው ወደ ምሥራቅ ይጓዛል። ይሄ ትናንት የተጀመረ አይደለም፣ ለሺህ ዓመታት እንዲሁ ነበር።

ታዲያ ዳርቻው ያኔ ለምን አልጠፋም? ማዕበሉ የወሰደውን ናይል ስለሚተካ ነው። በምን? በጎጃም፣ በወሎ፣ በጎንደር አፈር! ናይል ወደ ግብፅ ያወርደው ከነበረው ደለል ከ90 በመቶ በላይ በዓባይና በተከዜ በኩል ከእኛ ደጋ የወረደ ነው። በዓመት ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ።

እ.ኤ.አ. በ1964 የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ውሃ መያዝ ጀመረ፣ በ1970 ተጠናቀቀ። ከዚያ ወዲህ ደለሉ ናስር ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። ዳርቻው ደመወዙ ቆሞ ኪራይ እንደሚቆጥርበት ሰው ሆነ (ሥራ ፈላጊ ሁሉ ይህቺን ሒሳብ ያውቃታል)። ናይል በሮዜታ በኩል ባሕር የሚገባበት ቦታ ላይ መሬቱ በየዓመቱ በብዙ አሥር ሜትሮች ወደ ኋላ ሸሸ። የዴልታው መሬት ራሱ እየሰጠመ ነው፣ ባሕሩም ከፍ እያለ ነው። የእኛ ግድብ መሠረት የተጣለው ግን መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ነው፣ በፈረንጆቹ 2011። ከአስዋን 47 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ያልተወለደ ልጅ እንዴት ይከሰሳል?

ግብፆች ዝም ብለው አላዩም። ሮዜታ ላይ ትልቅ የድንጋይና የኮንክሪት ግንብ ሠሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1991 አለቀ። ግንቡ ባለበት መሬቱ መሸሹን አቆመ፣ መሸርሸሩ ግን ወደ ግንቡ ጫፎች ዞረ። ግንብ ማዕበሉን ይመልሳል እንጂ አሸዋ አይወልድማ። ሆላንዶች ይህን አይተው በ2011 ሄግ ከተማ አጠገብ 21.5 ሚሊዮን ሜትር ኩብ አሸዋ ባሕሩ ጠርዝ ላይ ደፉ፣ ማዕበሉ ራሱ ለዳርቻው እንዲያከፋፍለው። ግብፆችም አሁን በዝቅተኛው ዳርቻ ላይ አሸዋ ከምረው በሸምበቆ አጥር እየያዙት ነው። እኔ በበኩሌ ይሄኛው ከግንቡ የበለጠ ብልሃት ያለው ሥራ ይመስለኛል። «ትስመጥ» የምትሉም ተዉት። እዚያ ዳር ያለው ዓሣ አጥማጅና ገበሬ ግድብ አልከለከለንም።

እኛን ሊያሳስበን የሚገባው ግን ሌላ ነው። ያ ሁሉ አፈር አሁን የት ነው የሚያርፈው? 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ በሚይዘው በራሳችን ሐይቅ ውስጥ! ሕዝብ ከጉሮሮው ነጥቆ ቦንድ የገዛበትን ግድብ ከባዕድ እንጠብቃለን እያልን በየክረምቱ የምናወርደው የእኛው እርሻ አፈር ቀስ በቀስ ሊሞላው ነው። እርከን የሌለው ተዳፋት፣ የተመነጠረ ጋራ፣ ልቅ ግጦሽ፣ በየዓመቱ የሚሰፋ ቦረቦር። ስለ ግድቡ በቀን አሥር ጊዜ ሼር የምናደርግ ሰዎች ስለ እርከን አንድም ቀን አንለጥፍም፣ ላይክ አያመጣማ!

የተፋሰስ ሥራ ዘመቻ ጥርና የካቲት ላይ ነው። ገጠር ዘመድ ያላችሁ ደውላችሁ ጠይቁ፣ የእነሱ ተዳፋት ተሠርቷል? ያ ኮሜንት ተመልሶ ሲመጣ ደግሞ ሳትሳደቡ አንድ ጥያቄ ብቻ ጻፉለት፦ ከ1964 ጀምሮ ደለሉ የት ነው የቆመው?