ዋዛ ዋዛ አይደለም

ከመሐል አገር ተመድቦ ወደ ሸርቆሌ የሚሄድ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ፥ ገና ሻንጣውን ሳይፈታ «የዚህ አገር ሰው ከሚኮራባቸው ነገሮች አንዱ ዋዛ ነው» ቢሉት ፈገግ ማለቱ አይቀርም። በአማርኛ ዋዛ ማለት ቀልድ፥ ፌዝ፥ ቁም ነገር የሌለው ጨዋታ ነውና። «ነገሩ ዋዛ እንዳይመስልህ» እየተባልን ያደግን ሰዎች በዋዛ የሚኮራ ሕዝብ አለ ሲባል ብንስቅ አይፈረድብንም። የሚፈረድብን ስቀን ዝም ያልን እንደ ሆነ ነው።

በበርታ ሕዝብ ዘንድ ዋዛ ከቅል የሚሠራ ረጅም የትንፋሽ መሣሪያ ነው። ሸርቆሌም ከበርታ አገሮች አንዱ ሲሆን በአሶሳ ዞን፥ ከሱዳን ድንበርና ከዓባይ ወንዝ አጠገብ የሚገኝ ወረዳ ነው። ሁለቱ ቃላት በድምፅ ተገጣጠሙ እንጂ በትርጉም አይተዋወቁም። እኛ የምንፈራው ግን የራሳችንን ትርጉም ይዘን ሄደን በሰው መሣሪያ ላይ እንዳንሰቅለው ነው።

የዋዛ አሠራር እንዲህ ነው። ቅሎች ጫፍና ጫፋቸው እየተቆረጠ አንዱ ባንዱ ውስጥ እየተሰካ ይቀጣጠላሉ። አጭሩ ዋዛ ቀጭን ድምፅ፥ ረጅሙ ዋዛ ወፍራም ድምፅ ይሰጣል። ዋና ነገሩም እያንዳንዱ ዋዛ የሚሰጠው ድምፅ አንድ ብቻ መሆኑ ነው። አንድ ሰው አንድ ዋዛ ይዞ ቀኑን ሙሉ ቢነፋ ዜማ አይወጣውም። አሥር ወይም አሥራ ሁለት ያህል ሰዎች ተሰልፈው፥ እያንዳንዱ የራሱን ድምፅ በራሱ ጊዜ ብቻ አስገብቶ ወዲያው ለሚቀጥለው ሲለቅ፥ ዜማው እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው አፍ እየተመላለሰ ይሠራል። ቀድሞ የገባ ያበላሸዋል፤ ዘግይቶ የገባም ያበላሸዋል። ጎበዝ ነኝ ብሎ ደጋግሞ የሚነፋም እንዲሁ።

ይህ አሠራር እንግዳ ለሚመስለው አንባቢ፥ በአውሮፓ አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ የሚገኘው ታላቁ ኦርጋን በመሠረቱ ከዚህ የተለየ አለመሆኑን ልናስታውሰው እንወዳለን። ኦርጋን በመቶና በሺህ የሚቆጠሩ ቧንቧዎች ያሉት ሲሆን እያንዳንዱ ቧንቧ የሚሰጠው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። አጭሩ ቧንቧ ይቀጥናል፤ ረጅሙ ይወፍራል። ልዩነቱ የኦርጋኑ ቧንቧዎች ሁሉ ለአንድ ሰው ጣት የሚታዘዙ ሲሆኑ፥ የዋዛው ቧንቧ ግን እያንዳንዱ የራሱ ሳንባ፥ የራሱ ጆሮና የራሱ ልብ ያለው መሆኑ ነው።

የኦርጋንም የትውልድ ቦታ ብዙ ሰው እንደሚያስበው አውሮፓ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት፥ ክቴሲቢዮስ የተባለው መሐንዲስ አየርን በውሃ ግፊት እያስተካከለ ወደ ቧንቧ የሚያስገባውን መሣሪያ የሠራው በአፍሪካ ምድር፥ በእስክንድርያ ከተማ ነው። ይህችው እስክንድርያ በኋላ ዘመን ለቤተ ክርስቲያናችን ጳጳሳት ትልክልን የነበረችው ናት። በፈረንጆች አቆጣጠር በ757 ዓ.ም. የቢዛንታይን ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስ 5ኛ ለፍራንኮች ንጉሥ ለፔፒን አንድ ኦርጋን በስጦታ ላከ፤ መሣሪያው ወደ ምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን የገባው ከዚያ ወዲህ ቀስ በቀስ ነው። ኤሌክትሪክ እስኪመጣ ድረስም ወናፍ የሚነፉ ሰዎች ከበስተኋላው ሳይቆሙ አንድም ድምፅ አይወጣውም ነበር። ስለዚህ ኦርጋን ብቻውን የሚጫወት መስሎ የሚታየው ሰው እንኳ በእውነቱ ብቻውን አልነበረም።

በዚህ ረገድ የሁለት ወጣቶችን ታሪክ እናንሣ። በፈረንጆች አቆጣጠር በሰኔ 1828 ዓ.ም. ፍራንዝ ሹበርትና ፍራንዝ ላኽነር የተባሉ ሁለት ወዳጆች ከቪዬና አቅራቢያ ወዳለችው ባደን ሄደው ሳሉ፥ እያንዳንዳቸው ለኦርጋን አንድ አንድ ድርሰት ጻፉ። ድርሰቶቹ ሁለት ሰዎች ባንድ መሣሪያ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው በአራት እጅ የሚጫወቷቸው ነበሩ። በማግሥቱ ሃይሊገንክሮይትስ ወደሚባለው ገዳም ሄደው በቤተ ክርስቲያኑ ኦርጋን ላይ ተጫወቷቸው። ሹበርት የ31 ዓመት፥ ላኽነር የ25 ዓመት ሰው ነበሩ። ሹበርት በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ሞተ፤ ላኽነር ግን እስከ 1890 ዓ.ም. ኖረ። የሹበርት ድርሰት ዛሬም በልዩ ልዩ አገር በቤተ ክርስቲያን ኮንሰርት ላይ ሁለት ተጫዋቾች እየተቀመጡ ያሰሙታል።

ሁለት ሰው ባንድ ኦርጋን መጫወት ከሁለት ሰው ባንድ ፒያኖ ይልቅ ይከብዳል። የፒያኖ ድምፅ ከተመታ በኋላ በራሱ እየደከመ ይጠፋል። የኦርጋን ድምፅ ግን ጣት ከቁልፉ እስኪነሣ ድረስ ሳይደክም ይቆያል። ስለዚህ አንደኛው ተጫዋች ጣቱን ለማንሣት ቅንጣት ታህል ቢዘገይ ስሕተቱ በቤተ ክርስቲያኑ ጣራ ሥር ሁሉ ይሰማል። አንዱ የያዘውን ቁልፍ ሌላው ሊጫነው አይችልም። በእግር የሚረገጡትን ቁልፎች ማን እንደሚረግጥ፥ የድምፁን ዓይነት መለወጫ ማን እንደሚስብ አስቀድሞ መስማማት ያስፈልጋል። የሁለቱ ወጣቶች ጥበብ እንግዲህ በጣት ፍጥነት ብቻ የሚለካ አይደለም። ለጓደኛ ቦታ መልቀቅን ማወቅም ጥበባቸው ነው። የሸርቆሌው ዋዛ ነፊ የሚማረውም ይህንኑ ነው።

በአገራችን ይህ ትምህርት አዲስ አይደለም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ወደ ቅኔ ማኅሌቷ አላስገባችም፤ ከበሮ፥ ጸናጽልና መቋሚያ ይበቋታል። ነገር ግን ሊቃውንቱ በቀኝና በግራ ቆመው፥ ቀኝ ጌታውና ግራ ጌታው እየመሩ፥ አንዱ ወገን ሲያነሣ ሌላው ሲቀበል ያደረ ሰው፥ የሁለት ወገን ዜማ ምን እንደ ሆነ ከፈረንጅ መማር አያስፈልገውም። በደቡብ የደራሼ ሕዝብ ፊላ የሚለውን የሸምበቆ መሣሪያ የሚነፋው እንደ ዋዛ ድምፅን ለየሰው አካፍሎ ነው። በኢየሩሳሌም የኖሩትና በ2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ያረፉት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩም በፒያኖ ብቻ ሳይወሰኑ በኦርጋን ጭምር ተጫውተዋል። ስለዚህ ዋዛንና ኦርጋንን አንዱን የኋላ ቀር፥ ሌላውን የሥልጡን ብሎ መለየት ካለማወቅ የሚመጣ ነው።

አንዳንድ ሰዎች ግን ይህን ሊሉን ይችላሉ፦ «ዛሬ አንድ ወጣት አንድ ኪቦርድ ይዞ የአሥራ ሁለቱን ሰው ሥራ ይሠራል። አንዲት ቁልፍ ሲነካ ከበሮውም ጊታሩም ይነሣል። አሥራ ሁለት ሰው መሰብሰብ ለምን ያስፈልጋል?» እኛ ኪቦርድ ይቅር አንልም። በየጸሎት ቤቱ ወጣት መዘምራን በልማድ ኦርጋን እያሉ የሚጠሩት ይህ መሣሪያ ብዙ ልጆችን ከሙዚቃ ጋር አስተዋውቋል። ነገር ግን አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት እንዲሁ አይደለም። መሣሪያው የአሥራ ሁለቱን ሰው ድምፅ ሊሰጠን ይችል ይሆናል። አሥራ ሁለቱ ሰዎች ግን እቤታቸው ቀርተዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጭንቀታችን እንምጣ። ከኦርጋን ላይ አንድ ቧንቧ ቢሰበር ሠሪ ተጠርቶ ይጠግነዋል። ከዋዛ ሰልፍ አንድ ሰው ቢጎድል ግን ከዜማው አንድ ድምፅ ይጎድላል። ከአሥራ ሁለት ዘፋኞች አንዱ ቢቀር ዘፈኑ ትንሽ ይሳሳል እንጂ ይቀጥላል፤ ዋዛ ግን ጥርሱ እንደ ወለቀ ሰው አፍ ይሆናል። በዚያ አካባቢ ደግሞ ሰው የሚጎድልበት ምክንያት ብዙ ነው። አንዱ ወጣት ወርቅ ሊያጥብ ይሄዳል፤ ሌላው ለትምህርት ወደ አሶሳ፥ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። በርታ በኢትዮጵያም በሱዳንም የሚኖር ሕዝብ በመሆኑ፥ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. በሱዳን ብሉ ናይል፥ በ2023 ዓ.ም. ደግሞ በመላ ሱዳን የተነሣው ጦርነት ዘመድ ከዘመድ ለያይቷል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1997 ዓ.ም. የተከፈተው የሸርቆሌ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ ሰው ከቤቱ ሲነቀል ምን እንደሚሆን ለሚያይ ሁሉ ያሳያል። የተነቀለ ሰው ከብቱንና ቤቱን ብቻ አይደለም የሚተወው፤ በሰልፉ ውስጥ የነበረውን የራሱን ድምፅ ይዞ ይሄዳል።

በዚህ ላይ የእኛ የሠራተኞቹ ጥፋት ሲጨመር ነገሩ ይብሳል። ዋዛ ከመኸር ጋር የተያያዘ ጨዋታ ነው፤ ጊዜ አለው። እኛ ግን እንግዳ በመጣ ቁጥር ነፊዎቹን ከማሳቸው ጠርተን፥ ፀሐይ ላይ አሰልፈን፥ መኪኖቹ እስኪያልፉ ድረስ እናስነፋቸዋለን። ከዚያ ድምፅ ማጉያው ይከፈትና ሰልፉ ይበተናል። የጠራቸው ሰው ስማቸውን አይጠይቅም፤ በሪፖርቱ ላይም «የባህል ቡድን አቀባበል አድርጓል» ብሎ ያልፋል። ሹበርትን በገዳሙ በር ላይ አቁሞ ለሚያልፍ ሠረገላ ብቻ ያስነፋው ሰው ቢኖር ኖሮ ዛሬ ምን ብለን እንጠራው ነበር?

ስለዚህ ወደዚያ ለሚመደቡ ወጣት ሠራተኞችና ለእረፍት ወደ አገራቸው ለሚመለሱ ተማሪዎች ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ ሦስት ነገሮችን እናሳስባለን።

አንደኛ፥ ዋዛ ሲቀዳ ሰልፉን ባንድ ላይ ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱን ነፊ ለየብቻው ጭምር እንቅዳ። እያንዳንዱ ድምፅ የት እንደሚገባ፥ ቅሉ የት እንደ በቀለ፥ ማን እንደ ሠራው፥ የነፊው ስም ማን እንደ ሆነ ይጻፍ። ለዚህ ዛሬ በየኪሳችን ያለው ስልክ ይበቃል። ነገ አንዱ ድምፅ ቢጎድል የሚተካው ልጅ ከዚያ ይማራል።

ሁለተኛ፥ አዋቂዎቹ በየትምህርት ቤቱ በመምህርነት ይጠሩ፤ እንደ መምህርም ይከፈላቸው። ምሳ ማብላት ደመወዝ አይደለም።

ሦስተኛ፥ ልንሰማ ስንፈልግ እኛ ወደ እነርሱ እንሂድ እንጂ እነርሱን ወደ መኪና መንገድ አናምጣ። መኸሩ ሲደርስ፥ ጨዋታው በቦታው ሲሆን፥ ተቀምጠን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንስማ።

ከእኛ ከተማሩት መካከል ብዙዎቻችን መሥሪያ ቤት ስንገባ ሥራውን ሁሉ ብቻችንን የምንጫወተው ኦርጋን ይመስለናል። የገበሬውም፥ የሽማግሌውም፥ የመምህሩም ድምፅ በጣታችን ሥር ያለ ቁልፍ ይመስለናል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ግን የእኛም ድርሻ አንድ ቅል እንደ ሆነ፥ የሚሰጠውም አንድ ድምፅ ብቻ እንደ ሆነ እንረዳለን። ያን ጊዜ የሚያስፈልገን የሸርቆሌ ነፊ በልጅነቱ የተማረው ነገር ነው፤ ተራችን እስኪደርስ ጆሮ ሰጥቶ መጠበቅ፥ ሲደርስ ሳያፍሩ መንፋት፥ ነፍቶም ለሚቀጥለው መልቀቅ። ይህንን የሚያስተምር መሣሪያ በስሙ ብንስቅበትም በሥራው ግን ዋዛ አይደለም።