ክኒን መጭመቅና ክኒኑን ማወቅ

ስለ አገር ውስጥ የመድኃኒት ምርት ሲወራ የምንሰማው ስለ ሕንፃ፣ ስለ ማሽንና ስለ ውጭ ምንዛሪ ነው። የቂሊንጦ የመድኃኒት ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲነሳም ወሬው ከዚህ ብዙም አያልፍም። እኔ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ክኒኑ ውስጥ ያሉት ሞለኪውሎች እንዴት እንደተደረደሩ የሚያይልን ማነው?

ነገሩ የሩቅ አይደለም። ብዙ የስኳር ሕመምተኞች በየቀኑ የሚውጡት ሜትፎርሚን የጓኒዲን ዘመድ ነው፤ ክኒኑ ውስጥ የሚገባውም በጨው መልክ ነው። በኬሚስትሪ ጨው ሲባል የወጥ ጨው ብቻ አይደለም። ጓኒዲን አንድ ካርበን በሦስት ናይትሮጅን የተከበበበት ሞለኪውል ነው። ከአሲድ ፕሮቶን ሲቀበል ጓኒዲኒየም ይሆናል፤ ስድስት ሃይድሮጅኖቹም ጎረቤቶቹን እንደ እጅ ይይዛሉ። አሜሪካዊው ኬሚስት ማይክል ዋርድና ባልደረቦቹ ከሰልፎኔት ጋር ሲያጣምሩት እንደ ማር እንጀራ ባለ ስድስት ጎን መረብ ሆኖ አገኙት።

ይህ የታወቀው በኤክስሬይ ነው። ጨረሩ ከሚሊሜትር ያነሰች አንዲት ክሪስታል ላይ ሲያርፍ ተበትኖ ነጠብጣቦች ይሰጣል፤ ከነጠብጣቦቹ ቦታና ድምቀት ተነስቶ እያንዳንዱ አተም የት እንዳለ ይሰላል።

«ታዲያ ይሄ ለእኛ ምን ያደርግልናል?» የሚል አይጠፋም። መልሱ ሪቶናቪር ነው። ይህ የኤችአይቪ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1996 ገበያ ላይ ዋለ። በ1998 ሳይታሰብ ሌላ ዓይነት ክሪስታል ሆኖ ብቅ አለ። ሞለኪውሉ ያው ነው፤ የተቀየረው አደራደሩ ነው። ድንጋዩ ያው ሆኖ ካቡ ሲለወጥ ማለት ነው። አዲሱ ቅርጽ በደንብ ስለማይሟሟ ካፕሱሉ ከገበያ ወጣ፤ አቦት የተባለው ግዙፍ ኩባንያም መድኃኒቱን እንደገና ለማዘጋጀት ተገደደ።

አቦት ችግሩን ያወቀው ማየት ስለቻለ ነው። ጥሬ ዕቃውን ከውጭ አምጥቶ ክኒን የሚጨምቅ ፋብሪካ ላይ ቢደርስስ? የአቅራቢውን ወረቀት ብቻ አምኖ ይቀመጣል?

መሣሪያው ውድ መሆኑን አውቃለሁ፤ የሠለጠነ ሰውና ጥገናም ይፈልጋል። ለዚህ ነው በየተቋሙ ይተከል የማልለው። ፋብሪካዎች፣ ተቆጣጣሪውና የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሚጋሩት አንድ ጠንካራ የክሪስታል ላቦራቶሪ፣ ከነባለሙያዎቹ ደመወዝና ከነጥገና በጀቱ፣ የፓርኩ ዕቅድ አካል ይሁን።

የምንሸጠውን ክኒን ውስጡን ማየት ካልቻልን አምራች ሳይሆን አሻጊ ነን። የማይሟሟ ክኒን ደግሞ ዋጋውን የሚያስከፍለው ፋብሪካውን ሳይሆን በሽተኛውን ነው።