ሞተርሳይክሉ የየት አገር ነው?

ሞተርሳይክል ሊገዛ የወጣ ሰው ከዋጋ ቀጥሎ የሚጠይቀው ጥያቄ ይታወቃል፤ «የየት አገር ነው?» መልሱ ጃፓን ከሆነ ፊቱ ይፈታል። ህንድ ከሆነ ዋጋ ይከራከራል። ቻይና ከሆነ ስንት ወር እንደሚቆይ ይጠይቃል። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ ህንድ የተሠራውን «የጃፓን ቴክኖሎጂ ነው» ይለዋል፤ ቻይና የተሠራው ደግሞ ጃፓንኛ የሚመስል ስም በታንከሩ ላይ ተለጥፎለት ይመጣል። በብድርም ሆነ በዕቁብ ገንዘብ አሰባስቦ ሠርቶ ሊበላበት ለሚገዛ ወጣት ይህ ጥያቄ ቀላል ወሬ አይደለም። ችግሩ መልሱ የሚነግረው ነገር ከሚያስበው ያነሰ መሆኑ ነው።

በአገር መፍረድ ፈጽሞ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። በ2015 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ኮንሲዩመር ሪፖርትስ የተባለው የአሜሪካ የሸማቾች መጽሔት ከሞተርሳይክል ባለቤቶች የሰበሰበውን መረጃ አውጥቶ ነበር። በአራተኛው ዓመት ስንቱ ብልሽት እንደሚገጥመው ሲሰላ ያማሃ 11 በመቶ፣ ሱዙኪና ሆንዳ 12 በመቶ፣ ካዋሳኪ 15 በመቶ ሆነ። የአሜሪካው ሃርሊ ዴቪድሰን 26፣ የእንግሊዙ ትራያምፍ 29፣ የጣልያኑ ዱካቲ 33፣ የጀርመኑ ቢኤምደብሊው 40 በመቶ። «ጀርመን የሠራው አይበላሽም» ለሚል ሰው የመጨረሻው ቁጥር መራራ ነው።

ግን ቁጥሩ የጀርመን መሐንዲስ ሰነፍ ነው አይልም። ምርጥ ምህንድስናና አለመበላሸት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ዱካቲ ቫልቮላውን በሞላ ሳይሆን በሌላ ክንድ ገፍቶ የሚዘጋ አሠራር አለው፤ በከፍተኛ ፍጥነት ቫልቮላው እንዳይዘገይ የተፈጠረ ድንቅ ዘዴ ነው። ነገር ግን በየጊዜው በሠለጠነ እጅ ክፍተቱ መለካት አለበት። ቢኤምደብሊውም በኤሌክትሮኒክስ የተሞላ ረጅም ተጓዥ ነው፤ የተገጠመለት ዕቃ በበዛ ቁጥር የሚበላሸው ዕቃም ይበዛል። (በዚያው ጥናት «ደግሜ እገዛዋለሁ» ካሉት ውስጥ ሃርሊ 72 በመቶ፣ ሆንዳ 70 በመቶ አግኝተዋል። ሰው ለሚወደው ነገር ብዙ ይቅር ይላል።) ከሁሉም በላይ ጥናቱ ባብዛኛው ለመዝናናት በአስፋልት የሚነዱ አሜሪካውያን ጥናት ነው። ቦክሰር የለበትም፣ ቲቪኤስ የለበትም፣ ሊፋን የለበትም። ሦስት ሰውና አንድ ኩንታል ጭኖ ኮረኮንች የሚወጣ ሞተርሳይክል በዚያ ሠንጠረዥ ውስጥ አልተመዘነም።

የአገር ስም እንዴት እንደሚገለበጥ ለማየት የእንግሊዝን ታሪክ ማየት ይበቃል። በ1950ዎቹ ቢኤስኤ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ የዓለም ትልቁ ሞተርሳይክል አምራች እኔ ነኝ ይል ነበር። «የጃፓን ዕቃ» ማለት ደግሞ በዚያ ዘመን ርካሽ ኮፒ ማለት ነበር፤ ዛሬ «የቻይና» ሲባል የሚሰማው ዓይነት። ሃያ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ነገሩ ተገለበጠ። ሆንዳ በ1958 ሱፐር ካብን አወጣ፣ በ1961 ማን ደሴት ላይ በሚካሄደው ዝነኛ ውድድር በ125 እና በ250 ሲሲ ከአንደኛ እስከ አምስተኛ ወጣ፣ በ1969 ባለ አራት ሲሊንደር፣ በቁልፍ የሚነሳና የፊት ፍሬኑ ዲስክ የሆነ ሲቢ750ን ገበያ ላይ ዋለ። የእንግሊዞቹ ሞተር በዚያን ጊዜም መሠረቱ በ1930ዎቹ የተነደፈው ባለ ሁለት ሲሊንደር ነበር። 500 ሲሲ የነበረውን 650፣ ከዚያ 750 እያደረጉ አሳበጡት፤ ባደገ ቁጥር ንዝረቱ ጨመረ፣ በቆመበት ዘይት ያንጠባጥባል፣ መብራቱ ይጠፋል።

ስለ ዘይቱ አንድ የተለመደ ማብራሪያ አለ። የእንግሊዞቹ የሞተር ቤት ከላይ እስከ ታች ለሁለት የሚከፈል ስለሆነ መጋጠሚያው ዘይት ውስጥ ይቀመጣል፤ የሲቢ750 ግን በአግድም ስለሚከፈል መጋጠሚያው ከዘይቱ በላይ ነው፣ ስለዚህ አያፈስም ይባላል። እውነት አለው፤ ግን ግማሹን ብቻ ነው። ምክንያቱም የዚያው የሆንዳ ሱፐር ካብ ሞተር ቤት እንደ እንግሊዞቹ ከላይ እስከ ታች የሚከፈል ነው፤ አያፈስም። ልዩነቱ ያለው ሁለቱ ብረቶች በሚገናኙበት ፊት ላይ ነው። ሆንዳ ገና ኩባንያው ሳይደላደል ተበድሮ ከውጭ ትክክለኛ የብረት መቁረጫ ማሽኖች ገዝቷል። እንግሊዞቹ ጋ ትርፉ ለባለአክሲዮን ሲከፋፈል ማሽኖቹ አረጁ። በ1975 ለእንግሊዝ መንግሥት የቀረበው የቦስተን ኮንሰልቲንግ ጥናትም ዘርፉ የአጭር ጊዜ ትርፍ እያየ ገበያውን ከታች ወደ ላይ ለጃፓኖች እየለቀቀ እንደመጣ አሳይቷል። የጃፓን ብረት ከእንግሊዝ ብረት የተለየ ደም የለውም፤ ያረጀ ማሽን የቆረጠውና አዲስ ማሽን የቆረጠው ብረት ግን ይለያያል።

ለኢትዮጵያ አንባቢ ከሁሉ የሚቀርበው ታሪክ ግን የሆንዳ ሲጂ125 ነው። በ1970ዎቹ ሆንዳ ለድሃ አገሮች የሚሸጣቸው ሞተርሳይክሎች ከታሰበው በላይ በፍጥነት ይሞቱ ነበር። መሐንዲሶቹ ሲያጣሩ ምክንያቱ ግልጽ ሆነ፤ ባለቤቶቹ ዘይት በጊዜው አይቀይሩም፣ ከአቅም በላይ ይጭናሉ። ቫልቮላውን የሚከፍተው ካም ከላይ፣ ከሲሊንደሩ ራስ ውስጥ ሲቀመጥ ንጹህ ዘይት ካልደረሰው ተበልቶ ያልቃል። ሆንዳ ሸማቹን ከመውቀስ ይልቅ ንድፉን ወደ ኋላ መለሰው። ካሙን ወደ ታች አውርዶ ቫልቮላውን በዘንግ እንዲገፋ አደረገ፤ በአዲስ ዘመን የድሮ አሠራር። በፈረስ ጉልበት ከቀደመው አይበልጥም፤ ግን ቸልተኛ ባለቤትን ይታገሣል። ይህ ሞተር እስካሁን ፓኪስታን ውስጥ ይመረታል።

ቻይናም የቀዳችው ይህንኑ ነው። ቾንግቺንግ ከተማ ውስጥ ያሉ ሊፋንን፣ ዞንግሸንን፣ ሎንሲንን የመሰሉ ፋብሪካዎች ያደጉት በአብዛኛው በዚህ ሞተር ዝርያ ላይ ነው። እንግዲህ ንድፉ አንድ ሆኖ ሳለ አንዱ አሥር ዓመት ሌላው ሁለት ዓመት የሚኖረው ለምንድን ነው? ንድፍ መቅዳት ቀላል ስለሆነ ነው። የማይቀዳው የብረቱ ቅይጥ፣ ካሙና ማርሹ በእሳት የሚጠነክሩበት መጠን፣ የኩሽኔታው ጥራት፣ ከመቶው ስንቱ ተፈትሾ እንደሚጣል ነው። እነዚህ ሁሉ ገንዘብ ናቸው። ገዢው «ከዚህ በታች አምጣልኝ» ሲል ፋብሪካው የሚቀንሰው ዓይን ከማያየው ቦታ ነው፤ ቀለሙና መብራቱ እንደሚያብረቀርቁ ይቀራሉ።

ቬትናም ይህን ትምህርት በአጭር ጊዜ ተምራዋለች። በ2000 እና በ2001 በቻይና ክፍሎች የተገጣጠሙ ርካሽ ሞተርሳይክሎች አገሪቱን አጥለቀለቋት፤ የሆንዳ ድርሻ ክፉኛ ወረደ። ሆንዳ በ2002 ዌቭ አልፋ የተባለውን አወጣ፤ ዋጋውን በእጅጉ የቀነሰው ከቻይናም ጭምር ርካሽ ክፍል እየገዛ ነው። ገበያውን መልሶ ያዘ። የቬትናም ሰው «ጃፓን» ብሎ የገዛው ሞተርሳይክል ውስጥ የቻይና ክፍል ነበረ፤ ልዩነቱ ክፍሉን ማን ፈትሾ እንደተቀበለው ነው።

ዛሬ ድንበሩ ጭራሽ ተደባልቋል። በዚያው ቾንግቺንግ ያለው ሎንሲን ለቢኤምደብሊው ሞተር ይሠራል። ቲቪኤስ የቢኤምደብሊውን ጂ310 ህንድ ውስጥ አምርቷል፤ በ2020 ደግሞ የእንግሊዙን ኖርተንን ገዝቶታል። የትራያምፍ 400 ሲሲ የሚመረተው በባጃጅ ነው። የኦስትሪያው ኬቲኤም በ2024 መጨረሻ ዕዳ ውስጥ ሲገባ በ2025 ገንዘብ ይዞ የደረሰለት ይኸው ባጃጅ ነው፤ ለአዲስ አበባ ልጅ ሦስት ጎማ ብቻ የሆነው ባጃጅ። ህንዶቹ እዚህ የደረሱት ቸኩለው አይደለም። ባጃጅ ከካዋሳኪ፣ ሄሮ ከሆንዳ፣ ቲቪኤስ ከሱዙኪ ጋር ለዓመታት አብረው ሠርተው፣ ሙያውን ከእጅ ወደ እጅ ተቀብለው ነው በየራሳቸው የቆሙት። ስለዚህ ሻጩ ስለ ህንድ ሞተርሳይክል «የጃፓን ቴክኖሎጂ» ሲል ሙሉ በሙሉ አልዋሸም፤ የዛሬውን ሥራ ግን ለትናንት አስተማሪ እየሰጠ ነው።

ወደ አገር ቤት ስንመጣ ደግሞ ጉዳዩ ከፋብሪካው ይወጣል። ከባሕር ጠለል አጠገብ የተስተካከለ ካርቡራቶር አዲስ አበባ ሲደርስ የሚያገኘው የአየር ግፊት ሩብ ያህል የቀነሰ ነው። ኃይሉ በዚያው ልክ ይወርዳል፤ ቤንዚኑ ከአየሩ ይበዛል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። ባለቤቱ «ቻይና ነው እኮ» ይላል፤ ጥፋቱ ግን የካርቡራቶሩን ቀዳዳ ያልለወጠው ሰው ነው። ይህን የሚያውቅ መካኒክ ሰፈር ውስጥ ካለ ርካሹም ሞተርሳይክል ይኖራል። ካንዴላን፣ ፍሪሲዮንን፣ ኩሽኔታን ከጣልያኖች ቃል ጋር የወረሰው የኢትዮጵያ መካኒክ ብዙ ነገር በዓይኑና በጆሮው ይፈታል። በጆሮ የማይፈታው ፎርጅድ መለዋወጫ ነው። ስሙ የተጻፈበት ካርቶን ውስጥ የገባ የውሸት ፋሻ የጃፓኑንም ሲሊንደር ይፍቀዋል። በ2024 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ኦሪጂናሉ ሲወደድ ፎርጅዱ ይበልጥ ይፈለጋል። ቦክሰር በአፍሪካ ከተሞች የነገሠበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ አይበላሽም ተብሎ ሳይሆን ሲበላሽ ዕቃው የትም ስለሚገኝ፣ ማንም ስለሚፈታው።

ከግለሰብ ገዢ ይልቅ ወቀሳ የሚገባው በጅምላ የሚገዛው ነው። መሥሪያ ቤትና ፕሮጀክት ጨረታ አውጥቶ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበውን ይመርጣል፤ የመለዋወጫና የጥገና በጀት ሳይያዝ ሞተርሳይክሉ ለግብርና ባለሙያው ወይም ለጤና ሠራተኛው ይታደላል። ከዚያ በየግቢው ጥግ ሸራ ለብሶ መቆም ነው። ወረዳው ውስጥ ክትባት የሚጠብቅ ሕፃን ያለበት ቀበሌ በእግር የአንድ ቀን መንገድ ይሆናል። ራይደርስ ፎር ሄልዝ የተባለው የእንግሊዝ ድርጅት የተወለደው ከዚህ ዓይነት ትዕይንት ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ሶማሊያ የሄዱት መሥራቾቹ በጥቃቅን ብልሽት የተጣሉ የእርዳታ ሞተርሳይክሎች አዩ። በኋላ በሌሴቶ፣ በጋምቢያና በዚምባብዌ የሠሩት ነገር አዲስ ማሽን መፈልሰፍ አልነበረም። ነጂው በየማለዳው ዘይት፣ ካቴናና ጎማ እንዲያይ አሠለጠኑ፤ ክፍሉ ከመሰበሩ በፊት በኪሎሜትሩ ቀጠሮ ቀየሩ፤ ለእያንዳንዱ ኪሎሜትር የሚወጣውን ወጪ አስልተው ለጤና ቢሮዎች አቀረቡ። ያው ዓይነት ሞተርሳይክል በዚያው ዓይነት መንገድ ላይ ለዓመታት ሠራ።

የጨረታ ሰነድ ውስጥ «የጃፓን ሥሪት ወይም ተመጣጣኝ» ብሎ መጻፍ ከዚህ ሁሉ ሥራ አያድንም። አቅራቢው የአምስት ዓመት መለዋወጫ ዋጋ አብሮ እንዲያቀርብ፣ የአንድ ኪሎሜትር ወጪ እንዲሰላ፣ ቢያንስ በዞኑ ከተማ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ መኖሩ እንዲረጋገጥ ቢጠየቅ ግን ርካሹ ርካሽ ሆኖ የማይቀርበት ጊዜ ብዙ ነው።

አሁን ደግሞ ክርክሩ መልኩን ሊለውጥ ነው። በ2024 ነዳጅ የሚጠቀሙ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተደረገ ወዲህ የኤሌክትሪክ ሞተርሳይክል ወሬም ደምቋል። ዘይት የለውም፣ ቫልቮላ የለውም፣ ካርቡራቶር የለውም፤ ከፍታውም ጉልበቱን አይቀንሰውም። የሚያረጀው ባትሪው ነው። ሊድ አሲድ የሚባለው ጥቂት መቶ ጊዜ ተሞልቶ ይደክማል፤ ጥሩ ሊቲየም ከሺህ ጊዜ በላይ ይዘልቃል። ሁለቱም ፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ናቸው፤ ከውጭ ሲታዩ አይለዩም። በየቀኑ ቻርጅ አድርጎ ለሚሠራበት ሰው ይህ ከአንድ ዓመት ተኩል በማይበልጥ አገልግሎትና ከሦስት ዓመት በላይ በሆነ መካከል ያለ ልዩነት ነው፤ ባትሪው ደግሞ የዋጋውን ትልቅ ድርሻ ይይዛል። ሆኖም ሱቅ በር ላይ የሚሰማው ጥያቄ ያው «የየት አገር ነው?» ነው። የባትሪው ዓይነትና የዋስትናው ዘመን በሽያጭ ወረቀቱ ላይ ይጻፍልኝ የሚል ገዢ እስኪበዛ ድረስ ሻጩ ለማይጠየቀው ነገር መልስ የሚያዘጋጅበት ምክንያት የለውም።