ለአህያ የሚሰጥ ሰደቃ ለእናትም ይደርሳል



ለአገር ቤት ሰደቃ ስናዋጣ የቲሞችን፣ ሕመምተኞችን፣ የውሃ ጉድጓድን እናስባለን፤ አልሐምዱሊላህ። ስለ ጋሪ ፈረስ ወይም ስለ አህያ ያነሳች እህት ግን «ሰው ሳይጠግብ ለእንስሳ?» መባሏ አይቀርም። ጥያቄው ከቅንነት የመጣ ነው። ነገር ግን ድሃውንና ድሃው የሚያድርበትን እንስሳ ለያይቶ ማየት ልክ አይመስለኝም። ለዚህ የካይሮው የእንስሳት ሆስፒታል ታሪክ ጥሩ ማስረጃ ነው።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ የእንግሊዝ ጦር በግብፅ የነበሩትን በሺዎች የሚቆጠሩ ፈረሶች እዚያው ሸጣቸው። በ1930 እ.ኤ.አ. ባሏ የጦር መኮንን የሆነ ዶሮቲ ብሩክ የተባለች እንግሊዛዊት ካይሮ ስትገባ፣ እነዚያ ፈረሶች አርጅተው፣ አጥንታቸው ገጦ፣ አሁንም ሸክም ሲጎትቱ አገኘቻቸው። በ1931 ሞርኒንግ ፖስት ለተባለ የለንደን ጋዜጣ ደብዳቤ ጻፈች፤ አንባቢዎችም ገንዘብ ላኩ። በዚያ ገንዘብ 5,000 ያህል ፈረሶች ተገዙ። አብዛኞቹ ከመዳን ያለፉ ስለነበሩ ስቃያቸው እንዲያበቃ ተደረገ።

እዚህ ላይ ብታቆም ኖሮ ታሪኩ ባለቀ ነበር። ከተማዋ ግን አሁንም በፈረስና በአህያ ጉልበት ነበር የምትኖረው። ስለዚህ በ1934 የካይሮን የሥራ ፈረሶችና አህዮች በነፃ የሚያክም ሆስፒታል አቋቋመች።

በጣም የምወደው «በነፃ» የሚለውን ነው። ባለቤቶቹ እንስሳቱን ለመቀለብ አቅም ያነሳቸው ድሆች መሆናቸውን ራሷ በደብዳቤዋ ጽፋለች። ባለጋሪውን «ጨካኝ» ብሎ መስደብ ቀላል ነው፤ «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» እንደሚባለው ይሆናል። ነርስ ስለሆንኩ፣ የዕለት ገቢው እንዳይቀርበት ቁስሉን ሸፍኖ ወደ ሥራ የሚሮጥ ሕመምተኛ አውቃለሁ። «እረፍ» ብሎ ማዘዝ ሕክምና የሚሆነው ማረፍ ለሚችል ሰው ነው። ባለጋሪም እንዲሁ ነው፤ ፈረሱ ገጣባ ሲሆን አሳርፎ ልጆቹን ያስርብ ወይስ በቁስሉ ላይ ይጫንበት? ነፃ ሕክምና ከሁለት ክፉ ምርጫዎች ያወጣዋል።

ወደ አገራችን እንምጣ። ኢትዮጵያ በአህያ ብዛት በዓለም ከቀዳሚዎቹ አገሮች አንዷ ናት። ውሃውን፣ እንጨቱን፣ የገበያውን እህል የምትሸከመው አህያ ስትታመም ጭነቱ የሚዞረው ወደ እናት ጀርባ ነው። ቀጥሎ ወደ ልጅቷ፤ ከዚያም ልጅቷ ከትምህርት ቤት ትቀራለች። የታከመች አህያ ማለት ያልጎበጠች እናት ማለት ነው። ከዚያ ከካይሮው ሆስፒታል የተነሳው ብሩክ የተባለው ድርጅት ዛሬ በኢትዮጵያም የሚሠራው ያለ ምክንያት አይደለም።

ለእኛ ሙስሊሞች ይህ አዲስ ትምህርት አይደለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ አንሷሪ አትክልት ቦታ ግመል አግኝተው፣ ራሷን ዳብሰው፣ ባለቤቷን እንደሚያስርባትና እንደሚያደክማት ነግረው አላህን እንዲፈራ መክረውታል። ለተጠማ ውሻ ውሃ ያጠጣውን ሰውም ሁላችንም እናውቀዋለን።

ዘካት በቁርኣን የተቆጠሩ ስምንት ባለመብቶች አሉት፤ እሱን አንነካም። የምናገረው ስለ ሰደቃ ነው። በየወሩ ከምናዋጣው ላይ ትንሽ ቀንሰን ለእንስሳት ሕክምና፣ ለትል መድኃኒት፣ ቁስል ለማጠብ ብናውል የየቲሙ ድርሻ አይጎድልም፤ ብዙ ጊዜ የየቲሙን እንጀራ የምታመጣው ያቺው አህያ ናትና።

በሚቀጥለው ስልክ ለቤተሰብ ስትደውሉ «አህያዋስ እንዴት ናት?» በሉ። መልሱ ስለ እናታችሁ ጀርባም ይነግራችኋል።

አላህ ሰደቃችንን ይቀበለን፤ ልባችንንም ለፍጥረቱ ሁሉ ያራራልን። አሚን።