የጋሼ ቮልስ

ባለፈው ሳምንት በዚህ ዓምድ ስለ ወፍጮ ጽፈን ነበር። ዛሬ ስለ አንዲት አሮጌ መኪና እንጽፋለን። መኪናዋ ያለችው አዲስ አበባ፣ አዲስ ከተማ ውስጥ፣ መርካቶ ገበያ አጠገብ ነው። እኔም ተወልጄ ያደግሁት እዚያው ሰፈር ነው።

መኪናዋ ቮልስዋገን ትባላለች። የከተማ ሰው አሳጥሮ ቮልስ ይላታል። ጀርባዋ ክብ ነው፤ ኤሊ ትመስላለች። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ ዕቃ የሚጫነው ከፊት ነው። ሞተሯን የሚያቀዘቅዘው ውኃ ሳይሆን ነፋስ ነው። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ፣ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ ነበር። ይህች የጥንቷ ቮልስ በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። የመጨረሻዋ የተሠራችው በሐምሌ 1995 ዓ.ም. በሜክሲኮ አገር ነው። ከዚያ ወዲህ አዲስ የለም። ያለው ሰው ያለችውን ይጠግናል።

የሰፈራችን ጋሼ ቮልሷን ከታላቅ ወንድማቸው ወረሱ። ዝጋ ነበር። «አድሳታለሁ» አሉና መካኒክ ጠሩ። ሁለቱ ሆነው በሦስት ቀን ፈታቷት። ማፍረስ መቼ ይከብዳል! ቡሎኑን፣ ዳዶውን፣ ካንዴላውን በየቆርቆሮው ጨመሩት። ቡሎን ሁለት ብረት የሚያያይዝ ነው። ዳዶ በቡሎኑ ጫፍ ላይ ይጠብቃል። ካንዴላ በሞተሩ ውስጥ እሳት ይጭራል። ሦስቱም ስሞች ከኢጣልያንኛ የመጡ ናቸው።

ከዚያ መካኒኩ ሌላ ሥራ አገኘና ሄደ። የትኛው ቡሎን ከየት እንደወጣ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር። በወረቀት የተጻፈ ነገር የለም። ጋሼም ያን ጊዜ ፊደል አልቆጠሩም።

አራት ክረምት አለፈ። ዶሮዎች በኋላው ወንበር ላይ እንቁላል ጣሉ። ባለቤታቸው «ወይ ይሥሯት ወይ ይሽጧት፤ ልብስ የማሰጣበት አጣሁ እኮ» ይሏቸው ነበር። እውነታቸውን ነው። ግቢው ጠባብ ነው። ቆራሌው መጣና በኪሎ ልግዛ አለ። ቆራሌ አሮጌ ዕቃ እየዞረ የሚገዛ ነጋዴ ነው። ጋሼ አልሸጡም፤ ግን አልሠሩምም። ጠዋት ሲወጡ መኪናዋን ላለማየት ፊታቸውን ያዞሩ ነበር።

የሰፈሩ ሰው «ሰነፉ» አላቸው። እኔ ግን ስንፍና አይመስለኝም። ጋሼ በቀን ሃምሳ ጆንያ የሚሸከሙ ሰው ነበሩ። ሰውዬው ያጡት መጀመሪያውን ነው። አሥራ ዘጠኝ ቆርቆሮ ሙሉ ብረት ፊታችሁ ቢቀመጥ፣ እናንተስ በየትኛው ትጀምራላችሁ?

ከዚያ ማታ ማታ ፊደል መቁጠር ጀመሩ። አንድ ቀን ደብተራቸውን ሳይ፣ በትምህርቱ ውስጥ የሌለ ቃል ጽፈዋል። «የመሪ ቡሎን» ይላል። «ይህ ምንድን ነው ጋሼ?» አልኳቸው። ሳቁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መርካቶ ውስጥ ሶማሌ ተራ የሚባል ቦታ አለ። የመኪና ዕቃ የሚሸጠው እዚያ ነው። ጋሼ አንዱን ቆርቆሮ ይዘው እዚያ ወዳሉ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ሄዱ። ሽማግሌው ብረቱን አንድ በአንድ እያነሱ «ይህ የመሪ ነው፤ ይህ የፍሬን ነው» አሏቸው። ጋሼም በብጣሽ ወረቀት ጻፉ። ማታ ወረቀቱን በየቡሎኑ ላይ አሰሩ። በሳምንቱ ሌላ ቆርቆሮ ይዘው ሄዱ። ሁሉንም በአንድ ቀን ለምን አልወሰዱም ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። እኔም ጠይቄ ነበር። «አንተ ልጅ፣ ሁሉንም ባየው እንደገና እተወዋለሁ» አሉኝ።

በሰባተኛው ሳምንት ላይ ሥራው ቀለላቸው። መጀመሪያ የሠሩት ሞተሩን ነው። ቀለም ለዓይን ያምራል፤ ግን ድምፅ ልብ ይመልሳል አሉ። የቮልስ ሞተር ከማርሹ ጋር የሚያያዘው በአራት ዋና ዋና ቡሎኖች ነው። እነዚያን አራቱን ጋሼ ራሳቸው አንብበው ለዩዋቸው። ሰው አልጠሩም።

ሞተሩ የተነሣ ዕለት ግቢው በጭስ ተሞላ። ዶሮዎቹ በረሩ። ባለቤታቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው «ያጥፉት! ያጥፉት!» ይላሉ፤ ደግሞ ይስቃሉ። ጋሼ ግን ወዲያው አላጠፉትም። ቆመው አዳመጡ።

መኪናዋ ገና አላለቀችም። ወለሉን ዝገት በልቶታል፤ ላሜራ ይገጠምበታል። ላሜራው ውድ ነው፤ ገንዘቡን እስከ ፋሲካ ያጠራቅማሉ። ሦስት ቆርቆሮም አልተጻፈበትም። አንደኛው ውስጥ ሽማግሌው መካኒክ እንኳ ያላወቋት አንዲት ትንሽ ጠምዛዛ ብረት አለች። ጋሼ በእሷም ላይ ወረቀት አስረዋል። «ያልታወቀች» ይላል። ቅዳሜ ሌላ ሰው ጋ ይዘናት እንሄዳለን።